የአደራ በጎችና የውኃ ተራ

በ2008 ዓ.ም.፣ በመጋቢት ወር አጋማሽ፣ ከዓለም ከተማ ተነሥቼ በእግሬ ወደ ጀማ ቆላ እወርድ ነበር። የትምህርት ሱፐርቫይዘር ነኝ። ያለፈው ክረምት ዝናም ስለከዳን በቆላ ቀበሌዎች ተማሪዎች ከክፍል መቅረት አብዝተው ነበርና፣ ምክንያቱን በዓይኔ አይቼ ሪፖርት እንዳደርግ ታዝዤ ነው የሄድሁት። ምክንያቱን ለማየት ግን እስከ ትምህርት ቤቱ መዝለቅ አላስፈለገኝም።

አምስት ሰዓት ገደማ መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ዘንድ ስደርስ ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። በአሸዋው መካከል የሰው ቁመት የሚያህል ጉድጓድ ተቆፍሯል። ከሥሩ ድፍርስ ውኃ ቀስ እያለ ይጠራቀማል፤ አንዲት ሴት ገብታ በጣሳ ትቀዳለች። ዙሪያውን ጀሪካን ተደርድሯል። ተራ ከሚጠብቁት እኩሌቶቹ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ መቀመጥ የሚገባቸው ልጃገረዶች ነበሩ።

ከጉድጓዱ ጥቂት ራቅ ብሎ ባለ ሾላ ሥር፣ ከበግ ማጠጫ ገንዳ አጠገብ፣ አንድ ሽማግሌ አየሁ። ዕድሜያቸው ከሰባ ያልፋል። በእጃቸው ትልቅ መቀስ ይዘዋል፤ ከፊታቸው አንዲት በግ ተጋድማ አንድ ጎኗ ተሸልቷል። ሰላምታ ሰጠሁ። እሳቸውም አጸፋውን መልሰው፣ ፀሐዩ እንግዳ አይምርምና ከጥላው ግቡ አሉኝ። ገብቼ ከሾላው ግንድ ሥር ተቀመጥሁ።

ስማቸው አቶ ኃይለ ኢየሱስ ይባላል። ስለ በጎቹ ብጠይቃቸው ሳይቸኩሉ አጫወቱኝ። የልጃቸው የምንይሉ ሚስት እየሩስ የመንዝ ልጅ ናት። እናቷ ወይዘሮ ደብሪቱ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በጓሳ አቅራቢያ ደጋ ላይ ገብስ እያሳረሱና በግ እያረቡ የሚኖሩ ሴት ናቸው። በዚያ ዓመት በልጉም መኸሩም ሲጠፋባቸው፣ የቀረው ገለባ ሲያልቅ፣ አሥራ አንድ እናት በጎቻቸውን ሦስት ቀን አስነድተው ወደ ቆላ ላኩ። በቆላ ቢያንስ የግራር ፍሬና ቅጠል አይጠፋም፤ ዝናም ሲጥል መጥቼ እወስዳለሁ፤ እስከዚያ አደራ፣ ብለው ነበር መልእክት የሰደዱት። በጎቹ በመጡ በአምስተኛው ሳምንት ሁለቱ ሞቱ። አንዷ ደግሞ ጨነገፈች።

"የራሴ ቢሆኑ ሞት ነው ብዬ እተወው ነበር" አሉኝ ሽማግሌው። "የሰው ናቸው፤ ያውም የልጄ አማት። ምን ብዬ ፊቷን አያለሁ?"

የእሳቸው የቆላ በጎች ግን በዚያው ግጦሽ፣ በዚያው ውኃ፣ አንዲትም ሳትሞት ቆመው ይታያሉ። ስለዚህ ጥፋቱን በደጋ በጎች ጠጉር ላይ አደረጉት። የመንዝ በግ ጠጉረ ረጅም ነው፤ በዚህ ሐሩር ታፍኖ ሞተ አሉ። እናም ከትናንት ጀምረው ይሸልቷቸው ነበር።

ይህን እየተጨዋወትን ሳለ አንዲት ወጣት ጃንጥላ ይዛ፣ በትከሻዋ ቦርሳ አንግታ መጣች። አመተሥላሴ ትባላለች፤ የቀበሌዋ የእንስሳት ባለሙያ ናት። የቄስ ልጅ ናት፤ ከግብርና ኮሌጅ ተመርቃ ወደዚያ ቀበሌ ከተመደበች ሁለት ዓመቷ ነው። ለሽማግሌው ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችና ዓይኗ መቀሱ ላይ ዐረፈ።

"አባቴ፣ መቀሱን ለጥቂት ጊዜ ያቆዩልኝ። ትናንት የሸለቷቸው የትኞቹ ናቸው?"

በአገጫቸው አሳዩዋት። ሁለት በጎች አንገታቸውን ደፍተው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ጎናቸው እየተርገበገበ ያለከልካሉ። ያልተሸለቱት አንዳቸው ካንዳቸው ሆድ ሥር ራሳቸውን ቀብረው ቆመዋል፤ እነሱም ተጎድተዋል፣ እንደ ሁለቱ ግን አልሆኑም። እኔ እዚያ ከተቀመጥሁ ግማሽ ሰዓት ሆኖኝ ነበር፤ ልዩነቱን ግን እሷ እስክታሳየኝ ድረስ አላየሁትም።

አቶ ኃይለ ኢየሱስ የሁለቱን ድካም ከበሽታ ቆጠሩት። "ባና ተከናንቦ ቆላ የሚወርድ ሰው አለ?" አሉ። "እኔ ልብሳቸውን ላወልቅላቸው ብዬ ነው።"

"የእርስዎ ቤት ክዳኑ ምንድን ነው፣ አባቴ?"

"ሣር ነው።"

"የቀበሌው ጽሕፈት ቤትስ?"

"ቆርቆሮ።"

"በዚህ ሰዓት የትኛው ውስጥ ቢቀመጡ ይሻልዎታል?"

ከጉድጓዱ አፍ አንዲት ሴት ሳቀች። አመተሥላሴ ግን አልሳቀችም፤ ድምጿንም ዝቅ አድርጋ፣ የበግ ጠጉር እንደ ሣር ክዳን ፀሐዩን ከላይ የሚያስቀር መሆኑን አስረዳች። ጫፉን እጅ ሲነካው የሚያቃጥል ሆኖ ሥሩ፣ ቆዳው ዘንድ፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከቆዳ እስኪደርስ ከተላጨ ግን ፀሐዩ በቀጥታ ሥጋ ላይ ያርፋል፤ በጓ ያን ሙቀት ለማውጣት ታለከልካለች፤ ባለከለከች ቁጥር በትንፋሿ ውኃ ይወጣል። መሸለት ካስፈለገ ክረምት ገብቶ ሲያበቃ፣ ያውም ጣት የሚያህል አስቀርቶ ነው አለች። እጃቸውንም ይዛ ባልተሸለተችው በግ ጠጉር ውስጥ እስከ ሥሩ አስገባችላቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ቶሎ አላወጡም።

ልብ ያልሁት ነገር ቢኖር፣ አቶ ኃይለ ኢየሱስ ነገሩ እውነት መሆኑ ሳይሆን በሴቶች ፊት ከልጅ አፍ መምጣቱ ነበር የከበዳቸው። እኛ የተማርን ሰዎች ብዙ ጊዜ እውነትን ይዘን ሄደን የምንሸነፈው በዚህ ነው። ልጅቱ ግን ይህን የምታውቅ መሰለኝ፤ ቀጥሎ የተናገረችው ሽማግሌውን የሚያስከብር ነበርና።

እሳቸው ነገሩን ወደ ውኃው መልሰው፣ አባታቸው በዚሁ ወንዝ ዳር በጎቹን በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ያጠጡ እንደ ነበር ነገሯት። እሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲሁ አድርገዋል። በጎቹ አልሞቱም። "የኔ በጎች ዛሬም በሦስት ቀናቸው ነው የሚጠጡ። ኮሌጅ ይህን ሐሰት ነው ብሎ አስተማረሽ?"

"አይደለም" አለች አመተሥላሴ። "አባትዎ ትክክል ነበሩ።"

ሽማግሌው ይህን አልጠበቁም ነበር። መቀሱን መሬት ላይ አስቀመጡ።

እሷም ከመሬት ሁለት የፍግ ፍሬ አንሥታ አሳየቻቸው። እንደ ደረቀ አተር ጠንክረዋል። በግ ውኃ ሲያጥራት ከፍጓም ከሽንቷም ውኃውን ጨምቃ ለራሷ ታስቀራለች፤ ሽንቷ የሚያንሰውና የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ጨጓራዋ እንደ አቁማዳ ነው፤ ጠጥታ የሞላችው ቀን ውኃውን ይዞ ያቆይላታል፣ በኋላም ቀስ እያለ ለሰውነቷ ያድለዋል። ሲጠማት ክብደቷ ይቀንሳል፤ ካምስት አንዱን እጅ ያህል ብታጣ እንኳ ውኃ ስታገኝ ወዲያው ትመለሳለች፤ ሰው ያን ያህል ቢያጣ ግን ይሞታል። ቀትር ላይ ከጥላ ትጠጋለች፤ ጥላ ስታጣ በጓደኛዋ ሆድ ሥር ራሷን ትደብቃለች። ማለዳ ጠል ያዘለ ቅጠል ካገኘች ከዚያም ውኃ ትወስዳለች።

"ይህን ሁሉ የሰጣት ፈጣሪ ነው፣ አባትዎም ያወቁት በማየት ነው" አለች። "የእርስዎ ሙክቶችና ያልወለዱት በጎች እዚሁ ተወልደው ይህን ለምደዋል፤ በሦስት ቀናቸው ቢጠጡ ይችሉታል። ነገር ግን እነዚህ የመንዝ በጎች ብርድና እርጥብ ሣር ለምደው ነው የመጡት። ያውም እኩሌቶቹ ያጠባሉ፣ እኩሌቶቹ ለመውለድ ደርሰዋል። አባትዎ የሚያጠባ በግ እንዴት ያጠጡ እንደ ነበር ያስታውሳሉ?"

ሽማግሌው አሰቡ። እናትየው በደህና ዘመን ቤት አጠገብ ትውል እንደ ነበርና ከማሰሮ ትራፊ ትጠጣ እንደ ነበር ትዝ አላቸው። ግን ይህን ያደረጉት ሴቶቹ ስለ ነበሩ እንደ ሥርዓት ቆጥረውት አያውቁም።

ሆኖም ገና አልተረቱም። የመንዝ በግ ላቱ ትልቅ ነው፤ ላቷ ውኃዋ ነውና ከርሷ እየጠጣች መክረም አለባት አሉ። አመተሥላሴ ላት የክፉ ቀን ስንቅ እንጂ የውኃ አቁማዳ አለመሆኑን ነገረቻቸው። እንዲበረቱ ብለው ጨው ያልሷቸው እንደ ነበር ሲነግሯት ግን ፊቷ ጠቆረ። ጨው የላሰ ሁሉ ውኃ ይሻል፤ ውኃ በማይጠጡበት ቀን ጨው መስጠት ጥማቱን እጥፍ ማድረግ ነው አለች። ሁለቱ በጎች የሞቱት ጨው በላሱ ማግሥት እንደ ነበር ሽማግሌው በኋላ ነገሩኝ፤ በዚያ ሰዓት ግን ይህን ለማንም አልተናገሩም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ክርክር ከሁሉም የከበደው ነበር። አቶ ኃይለ ኢየሱስ እጃቸውን ወደ ጉድጓዱ ዘረጉ።

"ልጄ፣ የምትዪው ሁሉ እውነት ይሁን። ውኃውን ከየት ላምጣው? እነዚህ ሴቶች ከንጋት ጀምሮ ቆመዋል። ከሰው ጉሮሮ ነጥቄ ለበግ ልስጥ?"

"ከሰው አይነጥቁም። ለበጎቹ ከደረሰው ውኃ ላይም አንድ ጣሳ ይጨምሩ አላልሁም። አከፋፈሉን ይለውጡ ነው የምለው።"

"አሁን ምን ጎደለው?"

"አሁን ገንዳው ሲሞላ ቀድሞ የሚጠጣው ማነው?"

ሽማግሌው መልሱን ሳይሰጡ እኔም አየሁት። ገንዳው አጠገብ የቆሙት ሦስቱ ወፋፍራም ሙክቶች ነበሩ። እናት በጎቹ ከኋላ ሆነው የተረፈውን ይጠብቃሉ። አንዲት ግልገል የእናቷን ግት እየደበደበች ትጮኻለች፤ ግቱ እንደ ባዶ ኪስ ተንጠልጥሏል።

አመተሥላሴ ያቺን እናት በግ ይዛ ግቷን አለበቻት። አንድ ጠብታ ወጣ። "ወተት ከውኃ ነው የሚሠራው" አለች። "ይህች እናት ከማታጠባው እጥፍ ያህል ውኃ ያስፈልጋታል፤ የምትጠጣው ለሁለት ነውና። ሲነፈጋት መጀመሪያ መብላት ትተዋለች። ቀጥሎ ወተቷ ይደርቃል። ግልገሏ ይሞታል፤ በመጨረሻ እሷ። ያየ ሰው ግን በሽታ ገባ ነው የሚለው።"

አቶ ኃይለ ኢየሱስ ግልገሏን ብዙ ጊዜ አዩ። ከዚያ ከሾላው ሥር ተቀመጡ። እኛም ተቀመጥን። ሲናገሩ ለማናችን እንደሚናገሩ አላወቅሁም።

"በሰባ ሰባት ድርቅ እኔ ጎልማሳ ነበርሁ። ባለቤቴ ዓለሚቱ፣ ነፍሷን ይማር፣ የመጀመሪያ ልጃችንን ታጠባ ነበር። ውኃ ሲታጣ በቤታችን በዕድሜ ነበር የምንካፈለው። አባቴ ይጠጣል፤ ቀጥሎ አጎቶቼ፤ ቀጥሎ እኔ። ሥርዓት ነው፤ ማንም አልከፋውም። ዓለሚቱ መጨረሻ ነበረች። ውኃውን የምታመጣው እሷ፣ የምትጠጣው ዝቃጩን። አንድ ቀን 'ጡቴ ደረቀ' አለችኝ። እግዜር ያውቃል አልኋት።"

ከጉድጓዱ ዳር ያሉት ሴቶችም ፊታቸውን ወደ እሳቸው አዙረው ነበር።

"ልጅቱ ሚያዝያ ላይ ሞተች። ምች ነው አልን። ዓይነ ጥላም ነው አልን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምች ነው ብዬ ኖሬአለሁ።"

አመተሥላሴ ልትናገር አፏን ከፍታ ተወችው። በዚያች ሰዓት መናገር ስላልነበረባት ዝም ማለቷ፣ ቀደም ብላ ከተናገረችው ሁሉ የሚበልጥ ዕውቀት ሆኖ ታየኝ። ሽማግሌው በራሳቸው ጊዜ ተነሡ። ሙክቶቹን በበትራቸው ከገንዳው አራቁ። ያቺን እናት በግ አንገቷን አቅፈው ከገንዳው አፍ አደረሷት፤ ጠጥታ እስክትበቃ ድረስ ማንንም አላስጠጉባትም።

ያን ለት ከቤታቸው እንዳድር ግድ አሉኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ እየሩስ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከወንዙ ተመለሰች። አራት ወር ያልሞላው ሕፃን አላት፤ ባሏ ምንይሉ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ወጥቷል። በልማዳቸው ውኃውን በዋንጫ ቀድታ መጀመሪያ ለእኔ ለእንግዳው፣ ቀጥሎ ለአማቷ አቀረበች። አቶ ኃይለ ኢየሱስ ዋንጫውን ከእጇ ተቀብለው መልሰው ለእሷ ሰጧት።

"አንቺ ጠጪ፤ ከዚያ እንጠጣለን" አሏት።

እየሩስ የተቆጧት መስሏት ደነገጠች። ሁለተኛ ሲነግሯት ጀርባዋን ሰጥታን ቆማ ጠጣች። ሲጠማው የኖረ ሰው እንዴት እንደሚጠጣ ያን ማታ አየሁ። እኔም ዋንጫው ሲደርሰኝ ዐፈርሁ፤ የገጠር ቤት በገባሁ ቁጥር ከሴቶቹ በፊት ስጠጣ የኖርሁ ሰው ነኝና።

በማግሥቱ አመተሥላሴ መጥታ ሥርዓቱን አብረው አወጡ። መንጋው ገና ጎሕ ሲቀድ ይወጣል፤ ፀሐይ ሳይጠነክር ከሾላው ሥር ይገባል፤ ዐሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ እንደ ገና ይሰማራል። የሚያጠቡትና ለመውለድ የደረሱት በየቀኑ ከቤት አጠገብ በመጠኑ ይጠጣሉ፤ ወደ ወንዝ አይነዱም። የቀሩት እንደ ጥንቱ በሦስት ቀናቸው ወንዝ ወርደው ይጠጣሉ። ጨው የሚላሰው ውኃ በሚጠጣበት ቀን ብቻ ሆነ። ሙክቶቹን ደግሞ ለፋሲካ እንዲሸጡ መከረቻቸው። ይህኛው ምክር ሽማግሌውን ሦስት ቀን አሳሰባቸው፤ መንጋቸው ማነሱን ጎረቤት እንዳያይባቸው ፈርተው ነበርና። በመጨረሻ ሸጧቸው። አስቀድመው የተሸለቱት ሁለቱ በጎችና አንድ ጎኗ የተሸለተችው በግ ጠጉራቸው እስኪያድግ በሣር ዳስ ሥር ዋሉ፤ ከሁለቱ አንዷ ዳነች፤ ሌላይቱ በሳምንቷ ሞተች።

እኔ በግንቦት ስመለስ የቀሩት ስምንቱ የመንዝ በጎች ቆመው አገኘኋቸው። አልወፈሩም፤ ድርቁ ገና አላለቀም። ነገር ግን አምስት ግልገሎች ከእናቶቻቸው ሥር ይጠቡ ነበር። ጎረቤቶችም ከአቶ ኃይለ ኢየሱስ አይተው መንጋቸውን በተራ ቀን ከፋፍለው ነበር። ቀድሞ ሁሉም በአንድ ቀን ይወርድ ስለ ነበር ጉድጓዱ ደርቆ ሴቶቹ ውኃው እስኪጠራቀም ግማሽ ቀን ይቆሙ ነበር። አሁን በየቀኑ የሚወርደው መንጋ ጥቂት ስለ ሆነ ሰልፉ አጠረ። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ሰባት ልጃገረዶች ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ ሳይቀሩ መዋላቸውን አየሁ። ለበላዮቼ በጻፍሁት ሪፖርት ላይ ምክንያቱን ሳሰፍር፣ በግ የማጠጣት ተራ ስለ ተስተካከለ ነው አልሁ። አንብበው የተረዱኝ አይመስለኝም።

በእውነት ግን ጥቅሙ ከዚህም የሰፋ ነው። በግ ጥማትን መቻሏ ለእኛ የተሰጠ ትልቅ ሀብት ነው፤ ለከብት የማይበቃ ውኃ ያለው አገር በበግ ይኖራል። ይሁን እንጂ ቻለች ብሎ ከመጠን በላይ መጫን ሀብቱን ማጥፋት ነው። እረኛው የትኛዋ እስከ ምን እንደምትችል ለይቶ ካወቀ፣ በጥላና በሰዓት ውኃ ይቆጥባል፤ ያለውን ጥቂት ውኃም ለሁለት ነፍስ ወደምትጠጣዋ ያደርሳል። ይህ ደግሞ ከበረት አልፎ ወደ ቤት ይገባል።

ወይዘሮ ደብሪቱ የመጡት በሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ ዝናሙ ሁለት ሳምንት ጥሎ የመንዝ ሣር ማቆጥቆጡን አይተው። እኔም የዓመቱን መዝጊያ ለማየት እዚያው ነበርሁ። ቀጭን፣ ጠይም፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ከሳሙ በኋላ ከበረቱ በር ቆመው በጎቻቸውን በዓይናቸው ለቀሙ። አቶ ኃይለ ኢየሱስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከፊታቸው ቆሙ።

"እመት ደብሪቱ፣ ሦስቱ ሞተዋል። አንዷም ጨንግፋለች። በሽታ ነው ብልዎት ያምኑኝ ነበር። በሽታ አይደለም። ቀትር ለቀትር ነድቼ፣ ያለ ውኃ ጨው አልሼ፣ በሐሩር ሸልቼ እኔ ነኝ የገደልኋቸው። የቀሩትን ያዳነች ይህች ልጅ ናት" አሉና አመተሥላሴን አሳዩዋቸው። "ሦስቱን ከራሴ መንጋ መርጠው ይውሰዱ።"

ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ ልጃቸው ወደ እየሩስ ዞረው አዩ። ከአንድ ዓመት በፊት ካዩዋት ይልቅ ደኅና ሆና፣ ሕፃኑን እያጠባች ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። እሷ አስቀድማ ሁሉን ነግራቸው ይሁን አይሁን አላውቅም።

"አያ ኃይለ ኢየሱስ፣ በጎቹን አደራ ብዬ ነበር፤ ልጄን ግን አደራ አላልሁም፤ ማለት ዐፍሬ" አሉ። "እሷን እንዲህ ካቆዩልኝ የሞቱት ይቅሩ። ካሳ አልወስድም። ይልቅ ያወቁትን ይንገሩኝ፤ በእኛም አገር ምንጩ እየራቀ ነው።"

ሁለቱ ከበረቱ አጥር ሥር ተቀመጡ። አቶ ኃይለ ኢየሱስ ከጠጉሩ ጀምረው አንድ በአንድ ነገሯቸው፤ አንድ ቦታ ላይ ሲጠፋቸው አንገታቸውን መለስ አድርገው አመተሥላሴን ጠየቋት፤ እሷም እዚያው ቆማ መለሰችላቸው። ወይዘሮ ደብሪቱ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ መንጋቸውን ይዘው ዳገቱን ጀመሩ። ሽማግሌው እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኟቸው። እኔ ቀርቤ ስለ ነበር የመጨረሻ ቃላቸውን ሰማሁ። "ውኃ ዘንድ ሲደርሱ እናቶቹን ያስቀድሙ" አሏቸው።